አውራ ዶሮ ቁርጥ በአያቴ ወንበር

በአያቴ ፀጉር ቤት ማንም ሰው ዝም ብሎ አይገባም ነበር። ደፉ ላይ ቆም ይልና ማን እንደሆነ ይናገራል። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ፤ ልብስ ሰፊው» ይላል ልብስ ሰፊው፣ ከእኛ ጋር ግድግዳ የሚጋራውና የስፌት መኪናው ቀኑን ሙሉ በጆሯችን ሲንጣጣ የሚውለው ሰውዬ። «ጋሼ፣ አናጢው ነኝ፤ ልጄን ይዤ መጥቻለሁ።» «ጋሼ፣ መምህሩ ነኝ፤ ዛሬ ጢም ብቻ ነው።» አያቴ ከወንበሩ ኋላ እንደቆመ አንገቱን ወደ ድምፁ ዘንበል ያደርግና «ግባ፣ ግባ፤ ምን ደጅ ያስቆምሃል» ይላል።

እኔ ይህ የቤቱ ደንብ ይመስለኝ ነበር። ስምንት ዓመቴ ነው፤ ደንብ ደግሞ ነፍሴ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን እንዳዘልኩ ደፉ ላይ ቀጥ ብዬ «እኔ ነኝ፤ የልጅህ ልጅ፣ ሴቷ» እላለሁ። ታናሽ ወንድሜም ከኋላዬ ብቅ ብሎ «እኔም ነኝ፤ ወንዱ» ይላል። እናቴ ከሥራዋ ቀና ብላ ታየንና ቶሎ ፊቷን ታዞራለች። ሳቋ አምልጧት ነው እል ነበር።

ቤቱ ሁለት ወንበር ነበረው። አንዱ ከመስኮቱ አጠገብ ያለው የአያቴ ነው፤ ብረቱ ከባድ፣ ቆዳው የተሰነጣጠቀ፣ መርገጫውን ሲረግጡት እየተነፈሰ ከፍ የሚል። ሌላው ጓዳው በር ላይ የተወሸቀ የእንጨት ወንበር የእናቴ ነው፤ እሱ ላይ ከጃኬትና ከፎጣ በቀር የሚቀመጥ አልነበረም። ደንበኛው ሁሉ የሚቀመጠው አያቴ ወንበር ላይ ነው። አያቴ ጨርቁን አንገቱ ላይ ያስርለታል። ከዚያ ሁለት እጁን ዘርግቶ ራሱን ይይዘዋል፤ ከግንባር እስከ ማጅራት፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ እየዳበሰ ቀስ ብሎ ይዞረዋል። «ከኋላ ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ እዚያ ጋ ብዙ አታሳጥሪው» ይላታል እናቴን። «ግራው ላይ ሽክርክሪት አለው፤ በአቅጣጫው ሂጂ።» ይህን ብሎ ገለል ይላል። እናቴ ትቆርጣለች። ስትጨርስ ይመለስና በመዳፉ አንዴ ይሄድበታል። «ከቀኝ ጆሮው ኋላ ቀርቷል» ይላል። እውነትም ቀርቶ ይገኛል።

አያቴ ጄኔራል፣ እናቴ ወታደር መሆኗ ለእኔ ከፀሐይ የደመቀ ነገር ነበር። ጄኔራል መቼ ምሽግ ሲቆፍር ታየ? ያዛል፣ ይመረምራል፣ ይመለሳል። እናቴም ወታደርነቷን ታውቃለች፤ እሷ አባቷን አንቱ ትላለች፣ እኔ ግን አንተ እለዋለሁ። በዚህም ምክንያት ማዕረጌ ከእሷ ከፍ ያለ ይመስለኝ ነበር።

አሁን የሁለት ልጆች እናት ሆኜ የማውቀውን ያኔ አላውቅም ነበር። አያቴ በዚያ ዘመን ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት በቀር አያይም ነበር። ዓይኑ በአንድ ቀን አልጠፋም፤ ቀስ በቀስ እንደሚያልቅ ሳሙና ነው የተመናመነው። መንደሩ በሙሉ ያውቃል። እያንዳንዱ ግን የሚያውቀው እሱ ብቻ ይመስለውና ሌላው እንዳይሰማ ይጠነቀቃል። ልብስ ሰፊው ደፉ ላይ ድምፁን ከፍ የሚያደርገው ለዚህ ነው፤ አናጢው ወንበር ሲጠግንለት ከነበረበት ቦታ በአንድ ጣት እንኳ ፈቀቅ አድርጎ የማያስቀምጠው ለዚህ ነው። እናቴ ደንበኞቹ እንዳያውቁ ትጨነቃለች። ደንበኞቹ ደግሞ ጋሼ መታወቁን እንዳያውቁ ይጨነቃሉ። የአደባባይ ምስጢር ማለት ይኸው ነው። በእውነት የማናውቅ እኔና ወንድሜ ብቻ ነበርን።

አለማወቄ ጉድ ያሠራኝ ነበር። አያቴ ውሃ ሲቀዳ አመልካች ጣቱን ብርጭቆው ጠርዝ ላይ ያስቀምጣል፤ ውሃው ጣቱን ሲነካው ያቆማል። ይህ የታላቅ ሰው አቀዳድ መሰለኝና ለእንግዳ ውሃ በቀዳሁ ቁጥር ጣቴን እነክር ጀመር። ከጓዳ ወደ ሳሎን ስሄድም እንደሱ በእጄ ጀርባ ግድግዳውን ዳሰስ ዳሰስ እያደረግሁ ነው። አንድ ቀን እናቴ እንዲህ ስሄድ አየችኝና የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ «ሁለተኛ እንዲህ ስትሄጂ እንዳላይሽ» አለችኝ። ምን አጠፋሁ ብዬ ቀኑን ሙሉ አኮረፍኩ።

በዚያ ዓመት አውራ ዶሮ የሚባል የፀጉር ቁርጥ መጣ። ማን እንዳመጣው አይታወቅም፤ አንድ ሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤታችን ወንዶች ግማሾቹ አውራ ዶሮ ሆነው መጡ። ጎንና ጎኑ አጠር ይላል እንጂ ሙልጭ ብሎ አይላጭም፤ ወደ መሃል እየቀረበ ሲሄድ ቀስ እያለ ይረዝምና መሃል አናት ላይ ከሁለት ወገን ተገፍቶ በጄል ቀጥ ብሎ ይቆማል። የሚቆረጠው መንገዱ ማጠፊያ ላይ በተከፈተው አዲስ ቤት ነበር፤ መስታወቱ ዙሪያ አምፖል የተደረደረበት፣ ሙዚቃው እስከ እኛ የሚሰማ። አያቴ ዘንድ ቅዳሜ ቅዳሜ አግዳሚው ላይ ሲገፋፉ የሚውሉት ልጆች አንድ በአንድ ወደዚያ ፈለሱ። የቀሩልን አባቶቻቸው ነበሩ፤ እነሱም አብዛኞቹ ከላይ የሚቆረጥ ያላቸው አይደሉም።

እናቴ አንዴ ሞክራው ነበር፣ በአናጢው ልጅ ላይ። አናጢው ልጁን ዙሪያውን እየዞረ አየውና ብዙ ካሰበ በኋላ «ይሄ እንኳን አውራ ዶሮ አይደለም፤ ዝናብ የመታው ጫጩት ነው» አለ። እናቴ አብራ ሳቀች። ማታ ግን እራት አልበላችም።

ታናሽ ወንድሜ ስድስት ዓመቱ ነበር። ራሱ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ አበጥ አበጥ ያለ ስለሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ድንች ነበር የሚለው። ድንች አውራ ዶሮ ካልሆንኩ ብሎ ምድርና ሰማይን አንድ አደረገ። የክፍላቸው ፎቶ ሊነሳ ነው፤ ከጓደኞቹ መሃል ጠፍጣፋ ራስ ይዞ የሚቆመው እሱ ብቻ ሊሆን ነው። አያቴን ሲለምነው አያቴ «ራስ ሳይጠና ጉተና» ብሎ ሳቀበት። ድንች ግን ማጠፊያው ላይ ያለው ቤት ውሰዱኝ አላለም። አያቱ ፀጉር ቆራጭ ሆኖ ሌላ ቤት መሄድ በስድስት ዓመቱም ነውር መሆኑ ገብቶታል። እንዲያውም «አባባ ካልቆረጠኝ ማንም አይቆርጠኝም» ብሎ ማለ።

እኔም አሰብኩ። አባባ አውራ ዶሮ የማይቆርጠው ስለሚንቀው ነው። ጄኔራል ለትንሽ ጦርነት አይነሳም። ስለዚህ የሚያስነሳው ነገር መፈለግ አለበት።

አጎቴ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ቢሮ የሚሠራ፣ ከረባት የማይለየው፣ እራት ላይ እንኳ ስብሰባ የሚመራ ይመስል «በመጀመሪያ ደረጃ» ብሎ የሚጀምር። እኔና ድንች ከኋላው ሊቀመንበር እንለው ነበር። እናቴን ጓዳ ይዟት ገባ። እኔ መጋረጃው ሥር የወደቀ ፀጉር እጠርጋለሁ፤ ማለት አንዷን ቦታ ደጋግሜ እጠርጋለሁ።

«በመጀመሪያ ደረጃ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው» አለ አጎቴ። «ልጆቹ ሁሉ ሄዱ። አንድ ወጣት አግኝቻለሁ፤ እጁ የተባረከ ነው። ይምጣና ለጥቂት ቀን አጠገባቸው ይቁም፤ ቤቱን ይልመድ።»

«እሳቸውስ?» አለች እናቴ።

«እሳቸው ይረፉ። ዕድሜ ልካቸውን ቆመው ኖሩ እኮ።»

«ማን ይነግራቸዋል?»

«አንቺ ነሻ፤ አብረሻቸው የምትውዪው።»

«እኔ አልችልም። አንተ ታላቅ ነህ፣ አንተ ንገራቸው።» ድምፅዋ ቀጠነ። «ደግሞ ዝም አይነቅዝም። ትንሽ እንቆይ።»

«መንደሩ ያወራል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ሆኖ እንጂ እሳቸውም በሰሙ ነበር። ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ቅዳሜ አብረን እንነግራቸዋለን።»

ይህን ሁሉ ሰምቼ የተረዳሁት እንዲህ ነበር። አጎቴ ለአያቴ ተማሪ አግኝቶለታል። ልጁ አጠገቡ ቆሞ ጥበቡን ሊማር ነው። «ይረፉ» ማለታቸው ደግሞ ተማሪው ሲሠራ ከምሳ በኋላ ጋደም ይበሉ ማለታቸው ነው። እስከ ቅዳሜ የሚደብቁት ሊያስደስቱት ነው። ድምፅዋ የቀጠነው እናቴ አንጀቷ የማይችል ሰው ስለሆነች ነው፤ በደስታም ታለቅሳለች።

ይህን የመሰለ ነገር ይዞ መቀመጥ የሚችል ልጅ አልተወለደም። በማግስቱ አያቴ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብሎ ቶንዶሱን በብሩሽ ሲጠርግ፣ ጥርሱን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ዘይት ሲያጠጣው፣ ጎኑ ሄጄ ተለጠፍኩ።

«አባባ፣ ተማሪ ሊመጣልህ ነው።»

እጁ ቆመ። «የምን ተማሪ?»

«ካንተ ሊማር ነዋ። አጎቴ ነው ያገኘው። አጠገብህ ይቆማል። ቅዳሜ ሊነግሩህ ነው፤ ግን አንተ አላወቅህም፣ እሺ?»

የልብስ ሰፊው መኪና ከግድግዳው ማዶ ተንጣጥቶ ቆመ፣ እንደገና ተንጣጣ። አያቴ የቶንዶሱን ሽቦ በእጁ ላይ ቀስ ብሎ ጠቀለለው።

«ተማሪ ነው ያሉት?» አለኝ።

ተማሪ የሚለውን ቃል ማንም አላለውም፤ የእኔ ነበር። «አዎ» አልኩ ግን፣ ምክንያቱም ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

«ጥሩ» አለ አያቴ። «ተማሪ ጥሩ ነው።» ከዚያ ራሴን ደባበሰኝ፤ እንደ ደንበኛ፣ ከግንባር እስከ ማጅራት።

ይህን ቀን ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። እናቴና አጎቴ እንዴት እንደሚነግሩት ቃል ሲፈልጉ፣ አንዲት ቀባጣሪ ልጅ ሄዳ ነገረችው፤ ያውም አጣማ። አያቴ ሞኝ አልነበረም። ዓይኑ የከዳው ፀጉር ቆራጭ አጠገብ ወጣት ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ግን የእኔን የተጣመመ ወሬ አንስቶ አየውና ከእውነተኛው ይልቅ እሱን ወደደው።

ወጣቱ በማግስቱ መጣ። ፀጉሩ ራሱ አውራ ዶሮ ነው፤ ጄሉ ከመብዛቱ የተነሳ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ጭንቅላቱ ላይ ፀሐይ ትታይ ነበር። ድንች አፉን ከፍቶ ቀረ። ያን ዕለት ጄል አልነው፤ ዛሬም ስሙ ጄል ነው፤ የሚቀባበት ፀጉር ካጣ ቢቆይም።

ጄል ደንቡን አያውቅምና ዝም ብሎ ዘው አለ። ሮጬ መንገዱን ዘጋሁበት።

«ወደ ውጭ ተመለስ። ደፉ ላይ ሆነህ ማን እንደሆንክ ተናገር።»

ጄል እናቴን አያት፤ እናቴ መሬት መሬት ታያለች። ተመልሶ ወጣና «እኔ ነኝ፣ ጋሼ…» ብሎ ጀመረ፤ ምን እንደሆነ መናገር ቸገረው። ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ «ተማሪው ነኝ በል» አልኩት።

«ተማሪው ነኝ፣ ጋሼ» አለ ጄል።

አያቴ ፊቱ ላይ ሳቅ መጣ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ያየሁት ሳቅ ነው። «ግባ ልጄ» አለው። «ቤትህ ነው።»

ጄል ሳምንቱን ግድግዳ ተደግፎ ከረመ። ቆርጦ አያውቅም እንዳይባል መቀሱን ከኪሱ አውጥቶ ያየውና መልሶ ይከተዋል። እኔ ሰነፍ ተማሪ መሰለኝ። «አባባ ሲዳብስ እጁን እይ፤ እንዲህ ነው የሚጀመረው» እያልኩ አስጠናዋለሁ። እሱም አንገቱን እየነቀነቀ ይሰማኛል። ምስኪን፣ የሰው ወንበር ሊወስድ መምጣቱን ያውቃልና ማንንም ቀና ብሎ ለማየት ያፍር ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት አጎቴ ከረባቱን አስሮ ከተፍ አለ። እናቴን በዓይኑ ጠራት። «ልብስ ሰፊው ጋ ደርሰን እንምጣ» ተባብለው ወጡ። ማን ይጀምር፣ ምን ይባል የሚለውን ሊለማመዱ ነው። ወዲያው የስፌት መኪናው ድምፅ ጸጥ አለ፤ ልብስ ሰፊው ጆሮውን ሰጥቷል ማለት ነው።

ጊዜዬ ይኸው ነው አልኩ። ድንችን እጁን ይዤ አነሳሁትና ትልቁ ወንበር ላይ፣ በክንድ ማሳረፊያዎቹ ላይ በሚጋደመው የልጆች ሳንቃ ላይ ሰቀልኩት።

«አባባ» አልኩ፣ «ለድንች አውራ ዶሮ ቁረጥለት። ተማሪው ይይ፤ ሳምንት ሙሉ ምንም አልተማረም።»

ጄል ከግድግዳው ተላቀቀ። «ጋሼ፣ እኔ ብጀምረውና እርስዎ…»

«ተማሪ አስተማሪውን አያቋርጥም» አልኩት።

አያቴ ጨርቁን አንስቶ አራገፈ፤ ድንች አንገት ላይ አሰረ። ሁለት እጁን ራሱ ላይ አሳረፈ። ድንች የሚያውቀውን ጸሎት ሁሉ የሚደግም ይመስል ዓይኑን ጨፈነ። አያቴ አንዴ ዞረው፣ ሁለተኛ ዞረው፤ ከዚያ እጁን አነሳ።

«ና እስቲ፣ ልጄ» አለው ጄልን። «ራስህን ስጠኝ።»

ጄል ቀርቦ ጎንበስ አለ። አያቴ ጣቶቹን ጄል ፀጉር ውስጥ ሰደደ። «ይሄ ምንድን ነው፣ ማር ነው?» አለና ሳቅን። ከዚያ ግን ሳቁ ቆመ፤ ጣቶቹ ብቻ ይሄዳሉ። ከጆሮ በላይ ጀመረ፣ አጭሩን በመዳፉ ጀርባ ለካ፣ ወደ ላይ ሲሄድ የት ጋ መርዘም እንደጀመረ በአውራ ጣቱ ያዘ፣ የቆመውን መሃል ስፋቱን በጣት፣ ቁመቱን ከጣቱ አንጓ ጋር አመሳከረ። ከኋላ እስከ ማጅራት ተከተለው። እኔ ልክ እንደ ትምህርት ቤታችን ጥፍርና ፀጉር የሚመረምረው አስተማሪ፣ የተማሪውን ንጽሕና የሚያይ መስሎኝ ነበር። ጄል አንገቱ እስኪያመው ጎንብሶ ቆየለት፤ ትንፍሽ አላለም።

«ገባኝ» አለ አያቴ። «የግንባሩ ሁለት ማዕዘን ነው ወሰኑ። ከዚያ ውጭ ያለው ይጠራል፣ ከዚያ ውስጥ ያለው ይኖራል። እኔ ደግሞ ምን ያህል የረቀቀ ነገር ነው ብዬ ነበር።»

ድንች ፀጉር ላይ ውሃ ረጨ። በማበጠሪያው ጫፍ ከግንባሩ ከሁለቱ ማዕዘን ወደ ኋላ ሁለት መስመር አወጣ፤ የመሃሉን ፀጉር ጠቅልሎ በመቆንጠጫ ያዘው። «ሦስት ቁጥሩን ጥርስ ግጠምልኝ» አለ፤ ጄል ቶንዶሱ ላይ ገጠመለት። የአያቴ ግራ እጅ ከፊት ይሄዳል፣ ቶንዶሱ ይከተለዋል። ጣቶቹ ጆሮዋን ቀድመው ያጥፏታል፤ እብጠት ሲያገኙ ቆም ብለው ቶንዶሱን ከፍ ያስደርጉታል። የድንች ራስ ያ ሁሉ አባጣ ጎርባጣ ለእሱ የታወቀ መንገድ ነበር፤ ከተወለደ ጀምሮ ሲደባብሰው ኖሯል። ጎኖቹ ሲያልቁ መቆንጠጫውን ፈታ፤ መሃሉን በሁለት ጣቱ መሃል እየያዘ ከጣቱ በላይ የተረፈውን በመቀስ እየነከሰ ወደ ኋላ ሄደ። ፀጉሩ ጨርቁ ላይ ሲወርድ፣ መቀሱ ሲንጫጫ፣ ከዚህ ሌላ ድምፅ አልነበረም። ድንች እንኳ ራሱን አላከከም።

አያቴ አቆመ። መዳፉን በድንች ጎን ላይ አንዴ አሳለፈ፤ መልሶ አሳለፈ።

«በእጄ ለስልሷል» አለ ቀስ ብሎ። ሲናገር ለእኔ አልነበረም። «ለዓይንስ? ጥላ ይዟል፣ ያልተመጣጠነ ቦታ አለ?»

ጄል ጠጋ ብሎ አየ። «ትንሽ ይዟል፣ ጋሼ። ከቀኝ ጆሮው በላይ።»

«እሱን እኔ አላገኘውም» አለ አያቴ። ቶንዶሱን ገልብጦ እጀታውን ወደ ጄል ዘረጋ። «እንካ። አንተ አጥፋው።»

ጄል አልተቀበለም ለጊዜው። አያቴ እጁ እንደተዘረጋ ጠበቀው። በኋላ ተቀበለ፤ አያቴ ከወንበሩ ኋላ ወጣና በእጁ ጀርባ ግድግዳውን እየነካ ሄዶ የደንበኞች አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። እዚያ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም። እኔ ልቤ በኩራት አበጠ፤ ተማሪው ፈተናውን አለፈ ብዬ። በቅርቡ ጄል ስለዚያ ቀን ሲያጫውተኝ «የሳቸው እጅ ዝንፍ አላለም» አለኝ፤ «የኔ ነው የተንቀጠቀጠው። ያንን ጆሮ እቆርጠዋለሁ ብዬ ነበር።»

እናቴና አጎቴ ሲገቡ ጄል ሁለት መዳፉን ጄል ቀብቶ የድንችን ፀጉር ከግራና ከቀኝ ወደ መሃል እየገፋ ያቆም ነበር። ድንች መስታወቱ ውስጥ ራሱን ያያል፤ ደስታው ከአፉ አልፎ ጆሮው ደርሷል። እናቴ ደፉ ላይ ደርቃ ቀረች።

«ማን ቆረጠው?»

«አባባ ነዋ» አለ ድንች። «ተማሪው ደግሞ ጨረሰው።»

እናቴ ወደ ወንበሩ ሄደች። ወንድሜን ከኋላ አየችው፣ ከጎን አየችው፣ ጨርቁን ዝቅ አድርጋ ማጅራቱን አየች። እጇን ወደ ራሱ ላከችና መለሰችው፤ የሚነካ ነገር አልነበረም። ከዚያ አግዳሚው ላይ የተቀመጠውን አባቷን አየች፤ አየችውና መቀመጫ ፈልጋ ፎጣ የተሞላው የእንጨት ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች።

አጎቴ ግን ቃሉን አጥንቶ የመጣ ሰው ነው። ጉሮሮውን ጠረገ። «አባባ፣ በመጀመሪያ ደረጃ፣ አንድ የምንነግርዎት ነገር አለን።»

«እኔም አለኝ» አለ አያቴ። «እኔ ልቅደም፣ ታላቅ ነኝ። ተማሪ ይዣለሁ። ይኼ ልጅ እጁ ጥሩ ነው፤ ትንሽ ይቸኩላል፣ እሱን እናስተወዋለን። ከሰኞ ጀምሮ ወንበሩ ላይ የሚቆመው እሱ ነው። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ አዳምጠዋለሁ፤ መቀስ ሲሳሳት ይሰማል።» እጁን ጉልበቱ ላይ አደላደለ። «ለእህትህም ሥራው ይቀልላታል። ሁለት ሰው መሆን ደክሟታል።»

የልብስ ሰፊው መኪና ገና ጸጥ እንዳለች ናት። እናቴ አንድ ፎጣ አንስታ ፊቷ ላይ ከደነች። ያው በደስታ ታለቅሳለች አላልኳችሁም? ብዬ አላዘንኩም። ዛሬ ሳስበው ብዙም አልተሳሳትኩም።

«አንተስ?» አለ አያቴ ወደ አጎቴ ዞሮ። «ምን ልትነግረኝ ነበር?»

አጎቴ አፉን ከፈተ። ሳምንት ሙሉ ያጠናው፣ ልብስ ሰፊው ፊት ቆሞ የተለማመደው ንግግር ሁሉ የት እንደገባ እንጃ። ከረባቱን ነካካ፣ ጣሪያውን አየ፣ እናቴን አየ።

«እኔማ» አለ በመጨረሻ፣ «ፀጉሬን ልቆረጥ ነው የመጣሁት።»

«እንዲያ ከሆነ ቁጭ በላ» አለ አያቴ። «ምን ትጠብቃለህ?»

ድንች ከሳንቃው ላይ ዘለለ። ሊቀመንበር ትልቁ ወንበር ላይ ወጣ፤ ጄል ጨርቁን ከረባቱ ላይ አሰረለት። «ምን ዓይነት ላድርግልዎት?» ብሎ ጠየቀው በትሕትና። አጎቴ መልስ ሳይሰጥ ከአግዳሚው የአያቴ ድምፅ መጣ።

«አውራ ዶሮ።»

ጄል ደነገጠ። አጎቴን በመስታወቱ ውስጥ አየው። አጎቴ ያን ጊዜ የአርባ ዓመት ሰው፣ ክፍል የሚመራ፣ ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ያለው ሰው ነው። ዓይኑን ጨፈነ።

«አባባ እንዳሉ» አለ።

እኔና ድንች ጓዳ ገብተን መሬት ላይ እየተንከባለልን ሳቅን፤ ሆዴን አመመኝ። ስመለስ የሊቀመንበር ግማሽ ራስ ዶሮ ሆኗል፤ እንባው ግን በጉንጮቹ ይወርዳል። ፎጣ ይዤ ሮጥኩ።

«አጎቴ፣ ፀጉር ዓይንህ ገባ?»

«አዎ» አለኝ። «ሁለቱም ውስጥ።»

ጠረግሁለት። አያቴ አግዳሚው ላይ ሆኖ ጆሮውን ወደ መቀሱ አዘንብሏል። «ቀስ» ይላል ለጄል። «ቀስ፤ አትቸኩል። ያ ጎኑ ከልጅነቱ ጀምሮ እልኸኛ ነው።»

ሰኞ አጎቴ ፀጉሩን ውሃ ነክሮ ሊያስተኛው ይችል ነበር። አላስተኛውም። ከረባቱን አስሮ፣ ጄሉን ራሱ ቀብቶ፣ አውራ ዶሮውን አቁሞ ቢሮ ገባ። ሚስቱ እንደነገረችን የስብሰባው ሰው ሁሉ ወረቀቱን ትቶ እሱን ያይ ነበር። አለቃው መታገስ አቅቶት «ምን ነካህ? ማነው እንዲህ ያደረገህ?» ብሎ ጠየቀው አሉ።

«አባቴ ናቸው ያስቆረጡኝ» አለው አጎቴ፤ ይህን ብሎ ወደ ስብሰባው አጀንዳ አለፈ።